ሦስተኛውን ደብዳቤ ፍለጋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መስከረም ጠብቶ አደይ አበባው ሳይረግፍ የቢሮዬ በር መንኳኳት ይጀምራል። «መምህር፣ ሪኮመንዴሽን ፈልጌ ነበር» ይላል የገባው ሁሉ፤ ውጭ አገር ለመማር ሲያመለክት መምህሩ ስለ እርሱ የሚመሰክርበትን ደብዳቤ ማለቱ ነው። ጎንደር ውስጥ ሳስተምር በቆየሁባቸው ዓመታት ከዚህች ዐረፍተ ነገር ጋር ተያይዘው የሚመጡትን የተሳሳቱ እምነቶች እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዣቸዋለሁ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተርስና ለዶክትሬት አመልካች ብዙውን ጊዜ ሦስት ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ ፉልብራይት የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የነጻ ትምህርት ዕድልም እንዲሁ። የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ይረካሉ። ጭንቁ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው።

«ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ተራ ወረቀት ነው»

ይህ እምነት የመጣው ከቀበሌ ነው። ለቤቱም ለመብራቱም የድጋፍ ደብዳቤ ስናጽፍ ስለኖርን፣ ክብ ማኅተምና ቲተር ያላረፈበት ነገር የተጻፈ አይመስለንም። አምና አንድ ልጅ ፒያሳ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሞ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚሉ ሦስት ደብዳቤዎች በክላሰር ይዞልኝ መጣ። ማኅተማቸው ያምራል። ግን የሚቀበለው አልነበረም፤ ዛሬ አመልካቹ ደብዳቤውን በእጁ አይነካም። በማመልከቻ ቅጹ ላይ የመምህሩን ስም፣ ማዕረግና የኢሜይል አድራሻ ይሞላል፤ ዩኒቨርሲቲው ለመምህሩ በኢሜይል ማስፈንጠሪያ (ሊንክ) ይልካል፤ መምህሩ ደብዳቤውን በዚያ በኩል ራሱ ያስገባል። የመሥሪያ ቤቱ አርማ ያለበት ወረቀትና ፊርማ ይበቃል። የማኅተሙን ቦታ የያዘው የኢሜይል አድራሻው ነው፤ ከተቋም የተሰጠ አድራሻ ይታመናል፣ የግል ጂሜይል ጥያቄ ያስነሣል። ማስፈንጠሪያው አልደረሰኝም የሚል መምህር ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ያልተፈለጉ መልእክቶች የሚጠራቀሙበትን ሳጥን እንዲያይ በትሕትና ጠይቁት።

«መምህሩ የሚፈርመውን እኔ ጽፌ ልውሰድለት»

ይህን ስሕተት ያስተማርናችሁ እኛው ነን። «አንተው ጽፈህ አምጣው፣ እፈርማለሁ» ያላለ መምህር ካለ ይነሣና ይውቀሰኝ፤ እኔም ብያለሁ። የተውኩት ከባልደረባዬ ጋር ቡና ስንጠጣ አንድ ተማሪ ለሁለታችን ያመጣቸውን ረቂቆች ካስተያየን በኋላ ነው። አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል በሁለቱም ላይ በአንድ ዓይነት ስሕተት ተጽፋለች። እኛ ማኪያቶ እየጠጣን ያየነውን፣ ሥራዬ ብሎ የተቀመጠ የቅበላ ኮሚቴ አያየውም ማለት ዘበት ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በአመልካቹ የተጻፈ ደብዳቤ ከተገኘ ማመልከቻውን እስከ መሰረዝ ይደርሳሉ። ለመምህሩ የሚወሰደው ማስታወሻ ነው፦ የትኛውን ትምህርት በስንት ዓመተ ምሕረት እንዳስተማራችሁ፣ ያገኛችሁት ውጤት፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርዕስ፣ የምታመለክቱበት ፕሮግራምና የመጨረሻው ቀን። አንድ ገጽ ይበቃል።

«ዲኑ ከጻፈልኝ አለቀ»

ዲኑ ተማሪውን የሚያውቀው በምረቃ ቀን እጁን ሲጨብጥ ከሆነ፣ ሊጽፍ የሚችለው «ትጉህ፣ ታታሪና ጸባየ ሠናይ ነው» ብሎ ነው። ያንን የሚል ደብዳቤ በየክምሩ አለ። ወጣት መምህር የሆነው አማካሪ ግን እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦ «መተማ ወርዶ ስለ ካላዛር በሽታ መረጃ ሲሰበስብ፣ ከተሞሉት መጠይቆች አሥራ አንዱ በአንድ ሰው እጅ ጽሕፈት መሞላታቸውን ራሱ ደረሰበት። ሳልጠይቀው ነገረኝ፤ ተመልሶ ሄዶም እንደ አዲስ ሰበሰባቸው።» አንባቢው ፕሮፌሰር ጎንደርን በካርታ ላይ ባያገኛት እንኳ፣ እንዲህ ያለውን ተማሪ ቤተ ሙከራው ውስጥ ይፈልገዋል። የደብዳቤው ዋጋ ያለው ጸሐፊው በዓይኑ ባየው ነገር ላይ ነው፤ ማዕረጉ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

«ሦስቱም ያስተማሩኝ መሆን አለባቸው»

ምርምር ለሚበዛበት ፕሮግራም ሁለቱ ከመምህራን ወገን ቢሆኑ ይመረጣል። ሦስተኛው የሥራ አለቃ፣ በልምምድ ላይ ያሠራ ባለሙያ ወይም አብሮ ምርምር የሠራ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ፕሮግራሙ ካልከለከለ በቀር። የጎንደር የጤና ተማሪዎች በዚህ ዕድለኞች ናቸው። የተለያየ ሙያ የሚማሩ ልጆች በአንድነት ጤና ጣቢያ ወርደው የሚሠሩበት የቡድን ሥልጠና አለ፤ እዚያ ውሏቸውን ያየው ተቆጣጣሪ ከማንም የተሻለ ምስክር ነው። ለብዙዎቻቸው ግን ትዝ አይላቸውም። ዘመድ፣ ጎረቤትና ጓደኛ አይሆኑም። አንዱ «የንስሐ አባቴስ? ከማንም በላይ ያውቁኛል» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ችግሩ የሚያውቁትን እንዲጽፉ አይፈቀድላቸውም።

«ከተመረቅሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ማን ያስታውሰኛል?»

የምናስታውሰው ከምትገምቱት በላይ ነው፤ በተለይ ፎቶግራፍና የድሮ የቤት ሥራ ተያይዞ ሲመጣ። ይልቅስ የሚያስቸግረው መምህሩን ማግኘት ነው፤ ብዙዎቻችን ለትምህርት ወጥተን እንቀራለን። ስሙን ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ በቅርቡ ያሳተመውን የጥናት ጽሑፍ ብታወጡ፣ አሁን የሚሠራው አድራሻው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

«እምቢ ካለኝ ጠልቶኛል ማለት ነው»

ይሉኝታ ሁለቱንም ወገን ይጎዳል። «ስለ ሥራዬ በዝርዝር ለመጻፍ የሚያስችል ትውውቅ አለን ብለው ያስባሉ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መምህሩ ሳያፍር የሚወጣበት በር ይኖረዋል። «ሌላ ሰው ቢጽፍልህ ይሻላል» ያለ መምህር ከለብ ያለ ደብዳቤ አድኗችኋል።

«ደብዳቤውን የማየት መብቴን መተው የለብኝም»

የአሜሪካ ማመልከቻዎች ይህን መብት ትተዉ እንደሆነ የሚጠይቁት በ1974 እንደ እነርሱ አቆጣጠር በወጣው የተማሪዎች መረጃ ሕግ ምክንያት ነው፤ ሕጉ ተማሪው ስለ እርሱ የተጻፈውን እንዲያይ ይፈቅዳል። መብቱን ተዉት፤ ጸሐፊው በነጻነት እንደጻፈ የሚታመነው ያን ጊዜ ነው።

«ቀኑ ገና ነው»

የብዙዎቹ የአሜሪካ ፕሮግራሞች ቀነ ገደብ ዲሴምበር 1 ወይም 15 ነው፤ በእኛ አብዛኛውን ዓመት ኅዳር 22 እና ታኅሣሥ 6። ሰዓቱም ወጥመድ አለው። በኒው ዮርክ አቆጣጠር እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ ጎንደር ላይ በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ59 ነው። መምህራችሁን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጠይቁ፤ የምትነግሩትም ቀን ከትክክለኛው ቀን አንድ ሳምንት ቢቀድም አልቀየማችሁም። ለማስታወስ በሳምንት አንድ መልእክት ይበቃል። በቀን ሦስት ጊዜ የሚደውል ግን፣ ቢያንስ በእኔ ቢሮ፣ ተራው ወደ ኋላ ይሄዳል።