«ከባድ ድርቅ» የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?

የሚቲዮሮሎጂ ድርቅ ማለት ዝናቡ ለቦታውና ለወቅቱ ከተለመደው ማነሱ ነው። የሰብል መጠውለግና የወንዝ መጉደል ዘግይተው የሚከተሉ ናቸው። ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው «ድርቁ −1.6 ደርሷል» የሚለው አነጋገር ነው። ቁጥሩ ሚሊሜትር አይደለም፤ ዝናብ ከዜሮ በታች አይወርድምና።

መለኪያው ኤስፒአይ (SPI፣ Standardized Precipitation Index) ይባላል፤ ዝናቡ ከተለመደው ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳይ ቁጥር ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቀረበ ሲሆን የሚፈልገው የዝናብ መዝገብ ብቻ ነው፤ ቢያንስ የ30 ዓመት ቢሆን ይመረጣል። ዋናው ጥያቄ ጉድለቱ ለዚያ ቦታ ምን ያህል ያልተለመደ ነው የሚለው ነው። ስሌቱን እናቅልለው፦ ሁለት ቦታዎች እኩል 60 ሚሊሜትር ጎደለባቸው እንበል። በአንደኛው ዝናቡ ከዓመት ዓመት በአማካይ 80 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጉድለቱ ለዚህ ሲካፈል ውጤቱ −0.75 ነው። ሁለተኛው የሚዋዥቀው በ30 ብቻ ነው፤ ውጤቱ −2 ይሆናል። ጉድለቱ አንድ፣ ድርቁ ግን ለየቅል!

ከ−1 እስከ −1.49 መካከለኛ፣ እስከ −1.99 ከባድ፣ −2 እና ከዚያ በታች እጅግ ከባድ ነው። ድርቅ ተከሰተ የሚባለው ቁጥሩ −1 ሲደርስ ነው፤ የሚያበቃው ደግሞ ከዜሮ በላይ ሲወጣ። ስለዚህ አንድ ጥሩ ዝናብ ስለጣለ ብቻ አበቃ ማለት አይቻልም።

በእኔ እይታ ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው የጊዜው ርዝመት ነው፤ ማለትም ስሌቱ የስንት ወር ዝናብ ተደምሮ እንደተሠራ። የ3 ወሩ ስሌት ደህና ሆኖ የ12 ወሩ −1.8 ሊሆን ይችላል፤ አፈሩ ረጥቦ ግድቡ ገና አልሞላም እንደማለት ነው። «የስንት ወር?» ብላችሁ ጠይቁ።