ካቫላ፦ ጳውሎስ የወረደባት ወደብ

ካቫላ በሰሜን ግሪክ፣ በኤጅያን ባሕር ዳርቻ ያለች ከተማ ናት። ከተሰሎንቄ ወደ ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከኋላዋ የሲምቮሎ ተራራ፣ ከፊቷ የታሶስ ደሴት አለ። ሜዳ ስለሌላት ቤቶቿ ዳገቱ ላይ ተደራርበው ነው የተሠሩት።

የቆረቆሯት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን የታሶስ ሰዎች ናቸው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ናጱሌ የተባለችው ይህችው ከተማ ናት። ቅዱስ ጳውሎስ ከጢሮአዳ ተሳፍሮ እዚህ ወረደ። ከዚያም 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ፊልጵስዩስ ሄዶ ቀይ ሐር ሻጯን ልድያን አጠመቀ። የፊልጵስዩስ ፍርስራሽ በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

ከዘመነ ኦቶማን የቀረው ትልቁ ቅርስ የ16ኛው ክፍለ ዘመን የውኃ ማስተላለፊያ ድልድይ ነው። የድንጋይ ቅስቶቹ እስከ 25 ሜትር ከፍ ብለው ዛሬም ከተማዋ መሃል ቆመዋል፤ መኪናው በሥራቸው ያልፋል።

ለእኛ ታሪክ የምትቀርበው ግን በሌላ በኩል ነው። የግብፁ ገዢ መሐመድ አሊ ፓሻ የተወለደው በ1769 እ.ኤ.አ. (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) በካቫላ ነው። ቤቱ አሁንም አለ፤ በፈረስ ላይ የተቀመጠ ሐውልትም ቆሞለታል። ያሠራው የድሆች መመገቢያና ትምህርት ቤት ዛሬ ሆቴል ሆኗል። በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ደግሞ ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጦር የተሸነፈውን ሠራዊት የላከው የግብፅ ገዢ (ከዲቭ) እስማኤል የመሐመድ አሊ የልጅ ልጅ ነው።

ከተማዋን ያበለጸጋት ትምባሆ ነው። በየመጋዘኑ ወንዱም ሴቱም ቁጭ ብሎ ቅጠሉን አንድ በአንድ በመጠንና በጥራት እየለየ ያስር ነበር። ሥራው አድካሚ፣ ደመወዙም ትንሽ ስለነበር አድማው በዛ። በ1934 ካቫላ ኮሚኒስት ከንቲባ መረጠች፤ በግሪክ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር።

ከተማዋ ወደ ግሪክ የተጠቃለለችው በ1913 ነው። በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች የቡልጋርያ ጦር ይዟታል። ከ1923ቱ የግሪክና የቱርክ የሕዝብ ልውውጥ በኋላ ሙስሊሞቹ ወደ ቱርክ ሄዱ፤ ከትንሿ እስያ ብዙ ስደተኛ ገባ። ከቀጶዶቅያ የመጡት አጠገቧ ኔያ ካርቫሊ የሚባል መንደር መሠረቱ። የቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮትን አፅም ይዘው መጥተው በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አኑረውታል። መንደሩ ዛሬ በአካባቢው የሚታወቀው በቅቤና በአልሞንድ በሚጋገር፣ ነጭ ስኳር በተነሰነሰበት ኩራቢዬስ በሚባል ብስኩት ነው።