ታዲየስ ስቲቨንስ፦ ጠበቃና የሕዝብ እንደራሴ

ታዲየስ ስቲቨንስ (1792–1868 እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመንና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከተወካዮች ምክር ቤት አባላት ሁሉ ተሰሚነታቸው የጎላ ነበር። ቨርሞንት ውስጥ የተወለዱት ቆልማማ እግር ይዘው ነው። አባታቸው ቤተሰቡን ጥሎ ስለጠፋ ያሳደጓቸው እናታቸው ናቸው። በ1814 ከዳርትማውዝ ኮሌጅ ተመርቀው ወደ ፔንሲልቬኒያ ሄዱ፤ በመምህርነት እየሠሩ ሕግ አጠኑና በ1816 ጌቲስበርግ ላይ የጥብቅና ቢሮ ከፈቱ።

በ1821 የያዙት አንድ ጉዳይ ሊድበሰበስ አይገባውም። በግዛቷ ሕግ መሠረት ጌታው ያመጣው ባሪያ ስድስት ወር ፔንሲልቬኒያ ከኖረ ነፃ ይወጣ ነበር። ቻሪቲ በትለር የተባለች ሴት ይህንኑ ጠቅሳ ነፃነቷን ስትጠይቅ ስቲቨንስ ለጌታዋ ጥብቅና ቆሙ፤ ስድስቱ ወር ሳይቆራረጥ መቆጠር አለበት ብለው ተከራክረው ረቱ። ሴትዮዋም በባርነት ቀረች። ከዚያ በኋላ ግን ከባርነት ላመለጡ ሰዎች ጥብቅና ይቆሙ ጀመር። በ1838 የፔንሲልቬኒያ አዲስ ሕገ መንግሥት የመምረጥ መብትን ለነጮች ብቻ ሲያደርግ፣ ሕገ መንግሥቱን ያረቀቀው ጉባኤ አባል ሆነው ሳለ አልፈርምም አሉ።

የምክር ቤት ስልታቸው ቁልጭ ብሎ የሚታየው ዲሴምበር 4 ቀን 1865 ነው። ቀድሞ ለውክልና ሲባል አምስት ባሪያ እንደ ሦስት ሰው ይቆጠር ነበር። ባርነት ሲቀር እያንዳንዱ እንደ ሙሉ ሰው ሊቆጠር ሆነ፤ የመምረጥ መብት ግን አልነበረውም። ስለዚህ በጦርነት የተሸነፈው ደቡብ ከበፊቱ የበለጠ መቀመጫ ይዞ ሊመለስ ነው። መከላከያው የተገኘው ከአሠራር ደንቡ ነበር፦ አፈ ጉባኤ ከመመረጡ በፊት ስም የሚጠራው ዋና ጸሐፊው ነው፤ ስሙ ያልተጠራ ደግሞ እንደ አባል አይቆጠርም። ጸሐፊው ኤድዋርድ ማክፈርሰን የስቲቨንስ የቅርብ ሰው ነበር። የደቡቦቹን ስም ዘለለ። የቴነሲው ሆራስ ሜይናርድ የምርጫ ማስረጃውን ይዞ ተነሣ፤ ጸሐፊው ግን ዕድል አልሰጠውም። ስቲቨንስ በዚያው ዕለት የደቡብ ግዛቶችን ጉዳይ የሚመረምር፣ 15 አባላት ያሉት የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ኮሚቴ እንዲቋቋም በተወካዮች ምክር ቤት አስወሰኑ።

14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የወጣው ከዚሁ ኮሚቴ ሲሆን፣ በመወለድ የሚገኘውን ዜግነት ያካተተው በሴኔት ውይይት ወቅት ነው። በአሜሪካ የሚወለዱ የብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች ዜግነት መሠረቱ ይኸው ነው።

ያልተሳካላቸው የመሬቱ ጉዳይ ነው፤ ትልቁ ሐሳባቸውም እሱ ነበር። በ1865 በፔንሲልቬኒያዋ ላንካስተር ከተማ ባደረጉት ንግግር፣ ያመፁ 70,000 ያህል ባለርስቶች 394 ሚሊዮን ኤከር መሬት እንደያዙ አስልተው ይወረስ አሉ። ከባርነት ነፃ ለወጣ ለእያንዳንዱ አዋቂ ወንድ 40 ኤከር (16 ሄክታር ገደማ) ይሰጥ፤ ይህ 40 ሚሊዮን ኤከር ቢፈጅ ነው፤ ቀሪው ተሸጦ የጦርነቱ ዕዳ ይከፈልበት ነበር ስሌታቸው። የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ሳይቀሩ የግል ንብረት መንካቱን ፈሩትና ሐሳቡ ወደቀ። መሬት ያላገኘው ገበሬ በቀድሞ ጌታው ማሳ ላይ የእኩል አራሽ ሆኖ ቀረ።

በ1868 ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰንን ለመክሰስ ሲሠሩ በጠና ታመው ነበር፤ ሴኔት የሚገቡት ሰው በወንበር ተሸክሟቸው ነው። ጆንሰንን ከሥልጣን ለማንሣት የሴኔቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ ድምፁ 35 ለ19 ሆነና በአንድ ድምፅ ጎደለ። ኦገስት 11 ቀን አረፉ። የላንካስተር ትልልቅ መቃብር ቦታዎች ጥቁሮችን ስለማይቀበሉ፣ ዘር በማይለይ አንድ አነስተኛ መካነ መቃብር እንዲቀበሩ አስቀድመው መርጠው ነበር። ይህንኑ ምክንያታቸውን ራሳቸው ጽፈው በድንጋዩ ላይ አስቀርጸውታል።