በአሴምብሊ «ኦር» የሚሰላው መቼ ነው?

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ አሴምብሊ (ለማሽን ኮድ በጣም የቀረበውን የፕሮግራም ቋንቋ) የሚማሩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁት ነገር አለ፤ «ኦር» መመሪያ ነው ወይስ የስሌት ምልክት? ሁለቱንም ነው፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

በማይክሮሶፍቱ አሴምብለር (አሴምብሊን ወደ ማሽን ኮድ በሚተረጉመው ፕሮግራም) በማዝም «ሙቭ ኤኤል፣ 12 ኦር 3» ብላችሁ፣ ማለትም ውጤቱን ኤኤል በሚባለው ባለ 8 ቢት የፕሮሰሰር ማስቀመጫ ውስጥ አስገባ ብላችሁ ስትጽፉ ፕሮሰሰሩ ኦር የሚባል ነገር አያይም። ስሌቱን ገና ኮዱ ሲተረጎም አሴምብለሩ ይጨርሰዋል፤ 12 በባይነሪ 1100፣ 3 ደግሞ 0011 ስለሆነ፣ ከሁለቱ በአንዱ 1 ያለበት ቦታ ሁሉ 1 ሆኖ 1111፣ ማለትም 15 ይሆናል። ወደ ማሽን ኮዱ የሚገባው «ሙቭ ኤኤል፣ 15» ብቻ ነው። «ኦር ኤኤል፣ 3» ግን ራሱን የቻለ መመሪያ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ ይፈጸማል፣ ፍላጎቹንም (ስለ ስሌቱ ውጤት የሚናገሩትን የፕሮሰሰሩን ቢቶች) ይቀይራል። «ሙቭ ኤኤል፣ ቢኤል ኦር 3» ካላችሁ ስህተት ነው፤ ቢኤልም እንደ ኤኤል የፕሮሰሰር ማስቀመጫ ነው። ቢኤል ውስጥ ምን እንደሚኖር አሴምብለሩ ከየት አምጥቶ ይወቅ?

ሁለት ቁጥሮች እኩል መሆናቸውን የሚያየው ማወዳደሪያ «ኢኪው»ም እንደዚያው በትርጉም ጊዜ ነው የሚሰላው። እዚህ ላይ ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የለመደ ሰው ይሳሳታል፦ «5 ኢኪው 5» የሚሰጠው 1 ሳይሆን -1 ነው፤ ቢቶቹ በሙሉ 1 ይሆናሉ። ኤኤል ውስጥ ሲገባ ያለምልክት ከተነበበ 255 ነው። ግራ ቢያጋባም፣ በእኔ አስተያየት ከሲው ይሻላል፤ ውጤቱን ከ40 ጋር በ«ኤንድ» ብታጣምሩት፣ እውነት ከሆነ 40 ራሱ፣ ሐሰት ከሆነ 0 ታገኛላችሁ።