ስታቲክ ታይፒንግ ምንድን ነው?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ ሁለት ፕሮግራመሮች ከተገናኙ፣ ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ የጃቫና የፓይተን ነገር መነሣቱ አይቀርም። አንዱ ጃቫን ለአንድ ቀላል ሥራ ብዙ የሚያስጽፍ ቋንቋ ነው ብሎ ይነቅፈዋል፤ ሌላው ፓይተን እስከሚወድቅባት ደቂቃ ድረስ ደኅና መስሎ ይቆያል ብሎ ይመልስለታል። ስለ ፍጥነትም፣ ስለ ሥራ ማስታወቂያም፣ ስለ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ) ብዛትም ብዙ ይባላል። እኔ እንደታዘብኩት ግን የክርክሩ ሥር ብዙውን ጊዜ አንድ ጥያቄ ነው፤ እሱም በፕሮግራም ውስጥ ያለ ስህተት መታወቅ ያለበት መቼ ነው የሚለው ነው። ስታቲክ ታይፒንግ ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ ነው።

ታይፕ ወይም የዳታ ዓይነት የሚባለውን ለመረዳት ከኮምፒውተሩ ሜሞሪ መነሣት ይሻላል። እዚያ ያለው 0 እና 1 ብቻ ስለሆነ፣ የተቀመጠው ነገር ምን እንደሆነ ከራሱ ከአቀማመጡ አይታወቅም። 4608 የሚለውን ቁጥር እንውሰድ። ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ነው ከተባለ የአንድ ሰው ዕዳ በብር ሊሆን ይችላል፤ ፊደል ነው ከተባለ ግን ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ሠንጠረዥ 4608 ማለት «ሀ» ነው። ታይፕ ማለት እንግዲህ አንድ ዳታ እንደ ምን እንደሚነበብና ምን ሊደረግበት እንደሚፈቀድ የሚወስን መለያ ነው፤ ኢንቲጀር ይደመራል ይባዛል፣ ስትሪንግ (የፊደላት ቅጥልጥል) ይቀጣጠላል ይቆረጣል።

ይህን መለያ የማያውቅ ቋንቋ የለም ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የሚመጣው ፍተሻው በሚካሄድበት ሰዓት ላይ ነው። እንደ ጃቫ ባለ ቋንቋ እያንዳንዱ ቫሪያብል (ዳታ የሚቀመጥበት ስም ያለው ቦታ) ምን ዓይነት ዳታ እንደሚይዝ አስቀድሞ ይታወቃል፣ ኮምፓይለሩም (ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚገባው ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሮጥ ኮዱን በሙሉ አንብቦ፣ ኢንቲጀር በሚገባበት ቦታ ስትሪንግ የሚያስገባ መስመር ካገኘ አላልፍም ይላል። ስታቲክ ታይፒንግ ይህ ነው። እንደ ፓይተን ባለ ቋንቋ ግን መለያው የተለጠፈው በቫሪያብሉ ላይ ሳይሆን በውስጡ ባለው ዳታ ላይ ስለሆነ፣ ያው ቫሪያብል ጠዋት ቁጥር ይዞ ማታ ስም ሊይዝ ይችላል፤ ስህተት ካለም የሚታወቀው ያች መስመር ስትሮጥ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ዳይናሚክ ታይፒንግ ይባላል። የእህል ነጋዴ አባባል ልዋስና፣ አንደኛው ጆንያውን ማክሰኚት ላይ ሲጫን ፈትቶ ያያል፣ ሁለተኛው ጎንደር ሲራገፍ።

በራሴ የደረሰውን ልናገር። ቅዳሜ ገበያ እህል ለሚነግዱ አንድ ዘመዴ የዱቤ መዝገብ በፓይተን ሠርቼላቸው ነበር። ሥራው ሁለት ማታ ነው የፈጀብኝ፤ ስም ያስገባሉ፣ ዕዳ ያስገባሉ፣ ፕሮግራሙ ከብዙ ዕዳ ወደ ጥቂት ደርድሮ ያሳያቸዋል። በሳምንቱ ጠርተውኝ ስክሪኑን እያሳዩ፣ «ምነው ልጄ፣ 42000 ብር ያለበት ሰውዬ 850 ብር ካለባት ሴትዮ በታች ምን ያደርጋል?» አሉኝ። ነገሩ ቀላል ነበር፤ ፓይተን ከኪቦርድ የሚቀበለውን ሁሉ ስትሪንግ አድርጎ ነው የሚያመጣው፣ እኔም ወደ ቁጥር መቀየሩን ረስቼዋለሁ። ስትሪንግ የሚደረደረው እንደ መዝገበ ቃላት በመጀመሪያው ምልክት ስለሆነ፣ 9500 በ9 ስለሚጀምር ከላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ 850፣ ከዚያ 42000። ፓይተን አንድም ቃል አልተናገረም፤ ስትሪንግን ከስትሪንግ ማወዳደር የተፈቀደ ነውና። ዕዳውን በጃቫ «ኢንት» (ኢንቲጀር) ብዬ አስታውቄው ቢሆን ኖሮ ስትሪንጉን ሳልቀይር ልክተተው ስል ኮምፓይለሩ እቤቴ እያለሁ ይመልሰኝ ነበር። እርግጥ ነው፣ ሰንፌ ዕዳውን ራሱን ስትሪንግ ብዬ አስታውቄው ቢሆን ጃቫም እንደ ፓይተን ዝም ይለኝ ነበር፤ ወደዚህ ነገር ኋላ እመለሳለሁ።

በቡና ቤቱ ክርክር ላይ ሁልጊዜ የሚምታታ አንድ ነገር አለ። ዳይናሚክ ማለት ልቅ ማለት አይደለም። ፓይተን ውስጥ «5» የሚለውን ስትሪንግ 3 ከሚለው ቁጥር ጋር ደምር ቢባል ኤረር አውጥቶ ይቆማል እንጂ አይገምትም። ጃቫስክሪፕት ግን ለዚያው ጥያቄ 53 ብሎ ይመልሳል፣ ቀንስ ሲባል ደግሞ 2 ይላል፤ መደመሩን ማቀጣጠል፣ መቀነሱን ሒሳብ አድርጎ ስለሚወስደው ነው። ብሬንዳን አይክ ይህን ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1995 የመጀመሪያውን ቅጂ በ10 ቀን ሠርቶ ማድረሱ የታወቀ ነው፣ ችኮላውም ይታያል። ቋንቋው ዓይነቶችን በራሱ ፈቃድ መቀያየሩና አለመቀያየሩ አንድ ጉዳይ ነው፤ ፍተሻው ከመሮጡ በፊት ወይስ በኋላ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ የሚከራከሩ ሰዎች ባጃጅ ውስጥ ገብተውም አይስማሙም።

ለስታቲክ ታይፒንግ የሚቀርበው የተለመደ ነቀፋ ጽሕፈት ያበዛል የሚለው ነው። ይህ ነቀፋ በአሮጌው ጃቫ ላይ እውነት ነበር፤ በሐሳቡ ላይ ግን እውነት አይደለም። ሮቢን ሚልነር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኤምኤል የተባለውን ቋንቋ ሲሠራ፣ ፕሮግራመሩ ምንም ሳያስታውቅ ኮምፓይለሩ ከአጠቃቀሙ ተነሥቶ ዓይነቱን ራሱ እንዲደርስበት አድርጎ ነበር። ጃቫ ከዚህ ጥቂቱን ለቫሪያብሎች የተዋሰው እ.ኤ.አ. በ2018 በ10ኛው ቅጂ ነው። ከወዲያኛው ወገንም የመጡ አሉ፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2012 ለጃቫስክሪፕት ዓይነት የሚጨምረውን ታይፕስክሪፕትን አወጣ፣ ፓይተንም እ.ኤ.አ. በ2015 በ3.5 ቅጂው ዓይነትን በኮዱ ውስጥ ለመጻፍ የሚያስችል ሥርዓት ተቀበለ። ይሁን እንጂ ፓይተን ሲሮጥ ይህን ጽሑፍ አይመለከተውም፤ እንደ ማይፓይ ባለ የተለየ መሣሪያ ካልተመረመረ በቀር ዓይነት መጻፉ ማስታወሻ ከመጻፍ አያልፍም። ጽፈው ሲያበቁ የማያስመረምሩ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

አሁን ወደ ተውኩት ነገር ልመለስ። ኮምፓይለር የሚፈትሸው የነገሩትን ብቻ ነው። ዘመዴ ዱቤው የሚከፈልበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማስገባት ፈለጉ። የፓይተንም ሆነ የጃቫ መደበኛ የቀን ዓይነት የተሠራው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ለማለት ዓመት 2015፣ ወር 13፣ ቀን 6 ብሰጣቸው ሁለቱም እምቢ ይላሉ። እምቢታቸው ግን በተመሳሳይ ጊዜ ነው፤ ለጃቫ ኮምፓይለር 13 ከኢንቲጀሮች አንዱ እንጂ ወር ስላልሆነ ያሳልፈዋል፣ ኤረሩም እንደ ፓይተኑ ሲሮጥ ነው የሚመጣው። የከፋው ደግሞ እምቢ ሳይሉ የሚቀሩበት ነው። ጥር 11 ቀን 2015 ብዬ 2015፣ 5፣ 11 ብሰጣቸው ያለ ምንም ቅሬታ ይቀበሉና የጎንደርን ጥምቀት በፈረንጆች ግንቦት ይመዘግቡታል። መድኃኒቱ የኢትዮጵያ ቀን የሚባል የራሱ ዓይነት መሥራት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስታቲክ ቋንቋ ሁለቱን የቀን ዓይነቶች ማቀላቀልን ከመሮጡ በፊት ይከለክላል፣ ዳይናሚኩ ግን አሁንም እስኪሮጥ ይጠብቃል። (የግዕዝ ቁጥር የሚወዱ ሰዎች ደግሞ ይህን ይሞክሩ፤ ፓይተን «፭» አኃዝ ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አዎን ይላል፣ ወደ ኢንቲጀር ቀይረው ሲባል ግን አልችልም ብሎ ይቆማል።)

ስታቲክ ታይፒንግ ብቻውን እንደማያድን በትልቁም ታይቷል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 የአውሮፓው አሪያን 5 ሮኬት በተነሣ በ37 ሰከንድ ገደማ አቅጣጫውን ሳተና ፈነዳ። የመሪው ሶፍትዌር የተጻፈው ስለ ዓይነት እጅግ ጥብቅ በሆነው በአዳ ቋንቋ ነበር። ስህተቱ 64 ቢት የያዘ የነጥብ ቁጥር ከ32767 በላይ ወደማይችል የ16 ቢት ኢንቲጀር ሲቀየር መትረፉ ነው። ኮዱ ከአሪያን 4 የተወሰደ ነበርና፣ ለዚያ ሮኬት ቁጥሩ ይህን ያህል አይደርስም ተብሎ መከላከያ ሳይደረግለት ቀርቷል። በዓይነት ደረጃ ሁሉም የተፈቀደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ማርስ ላይ የጠፋችው የናሳ መንኮራኩር ጉዳይም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ አንዱ ወገን ግፊቱን በፓውንድ አስልቶ ሲልክ ሌላው በኒውተን አነበበው። ሁለቱም ቁጥር ናቸው።

ታዲያ የትኛው ይሻላል ለሚለኝ ሰው የማቀርበው መለኪያ ኮዱ በማን እጅ ይቀራል የሚለው ነው። ዳታ እየነካኩ ምን እንዳለበት ለመረዳት፣ ወይም ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ሐሳብ በሁለት ቀን ለአማካሪው ለማሳየት፣ ፓይተንን የሚያህል የለም፤ ሐሳቡ ገና ሳይጠና ዓይነት ማስታወቅ ቤት ሳይሠራ ቁልፍ ማስቀረጽ ነው። ነገር ግን እኔ በሌለሁበት ሌላ ሰው ከፍቶ የሚያስተካክለው፣ ሒሳብ ያለበት፣ ዓመታት የሚኖር ኮድ ከሆነ ኮምፓይለሩ በእኔ ምትክ እንዲቆም እፈልጋለሁ። ዳይናሚክን የሚወዱት ጓደኞቼ ጥሩ ቴስት (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ሌላ ኮድ) የጻፈ ሰው ይህ አያስፈልገውም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ እኔ ግን በምሠራበት አካባቢ ጥሩ ቴስት የሚጽፍ ሰው ብዙ አላየሁም።

የዘመዴን መዝገብ በመጨረሻ ኮትሊን በተባለው ስታቲክ ቋንቋ ጻፍኩት። ስልክ የሌላቸው ደንበኞች ስላሉ ስልክን «ላይኖር የሚችል» ዓይነት አድርጌ አስታወቅሁት፤ ቋንቋውም ስልኩ መኖሩን ሳላረጋግጥ መልእክት ላክ የሚል መስመር ስጽፍ ኮምፓይል አላደርግም አለኝ። ከዚያ ኪሎንና ኩንታልን ለየብቻ ዓይነት ሰጠኋቸው፣ አንዱ ወደ ሌላው የሚቀየርበት በርም አንድ ብቻ ሆነ፤ እዚያም 100 የምትለዋ ቁጥር ተጽፋለች። ዘመዴ ይህን ሁሉ አስረድቻቸው ሳበቃ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሮጌው መዝገብ ላይ የነበሩት ዕዳዎች ሁሉ መጥተዋል ወይ? መጥተዋል፤ ሁለቱ ግን የብሩ ቦታ ላይ «ነገ» የሚል ቃል ተጽፎባቸው ስለተገኘ አዲሱ ፕሮግራም አልቀበልም ብሎ ለብቻቸው አስቀምጧቸዋል።