የዲስከስ ውሃ ሲዋዥቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዲስከስ አስቸጋሪ ዓሣ ነው የሚል ስም ወጥቶለታል። ስሙ ግማሹ እውነት ነው። ቀሪውን ግማሽ ያመጡት ውሃውን «ላስተካክል» እያሉ በየቀኑ የሚነካኩት ናቸው።

«ፒኤቹ ከ6.5 ንቅንቅ ማለት የለበትም»

ፒኤች የውሃ አሲዳማነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማነቱ ይጨምራል። ዲስከስ በተፈጥሮው የአማዞን ተፋሰስ ዓሣ ነው፤ ለስላሳ (ማዕድኑ ያነሰ)፣ ሞቃትና አሲዳማ ውሃ ውስጥ ይኖራል። ዛሬ ለሽያጭ የሚቀርበው ግን በአብዛኛው ለብዙ ትውልድ በእርባታ የቆየ ነው። ፒኤቹ ከ6.5 እስከ 7.8 ባለው ውስጥ የትም ቢሆን፣ እስካልዋዠቀ ድረስ ይስማማዋል። በጣም ለስላሳ ውሃ የሚፈልጉት ከዱር የተያዙት ናቸው፤ እንቁላል ለማስፈልፈልም ያስፈልጋል።

ጣጣው የሚጀምረው የፒኤች መቀነሻው ጠርሙስ ሲከፈት ነው። ማታ 7.6 የነበረው ውሃ ጥቂት ጠብታ ሲገባበት 6.6 ይሆናል፤ ጠዋት ሲለካ 7.4 ሆኖ ይገኛል። አሲዱ በውሃው ውስጥ ያለውን ካርቦኔት፣ ማለትም ኬኤች ተብሎ የሚለካውን፣ በከፊል ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ጋዙ ሌሊቱን ሲወጣ ፒኤቹ መልሶ ይወጣል። ጠዋት ሌላ ጠብታ፣ በነጋታው ሌላ። እንዲህ ኬኤቹ እየተመናመነ ይሄድና አንድ ሌሊት ፒኤቹን የሚይዘው ነገር ይጠፋል፤ ከ6 በታች ይወርዳል። ስለዚህ ኬኤች ሳይለካ ፒኤች ብቻ መለካት ብዙም አይጠቅምም።

ውሃ ማለስለስ የግድ ከሆነ ከገንዳው ውጭ ይቀላቀል። የቧንቧው ኬኤች 12 ከሆነ አንድ እጅ የቧንቧ ውሃ በሁለት እጅ አርኦ ውሃ (ማዕድኑ ተጣርቶ የወጣለት) ሲደባለቅ ወደ 4 ይወርዳል። ለ60 ሊትር 20 ሊትር ከቧንቧው፣ 40 ሊትር ከአርኦው ማለት ነው። ልኬቱ በየጊዜው አንድ ዓይነት ይሁን።

«አርኦ ውሃ ንጹህ ስለሆነ ብቻውን ይበቃል»

አርኦ በጥብቅ ወንፊት የተጣራ ውሃ ነው፤ ማዕድኑ ስለተወሰደ ኬኤቹ ዜሮ ገደማ ነው። የገንዳው ማጣሪያ ባክቴሪያዎች ደግሞ ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚመጣውን አሞኒያ በናይትራይት በኩል ወደ ናይትሬት ሲለውጡ ካርቦኔት ይበላሉ። ኬኤቹ ከ3 በታች ከሆነ በሳምንት ሁለት ጊዜ መለካት አለበት።

«ውሃው ጥርት ካለ ደህና ነው»

አሞኒያና ናይትራይት ዓሣ በሚጎዱበት መጠን ቀለምም ሽታም የላቸውም። ሁለቱም ዜሮ፣ ናይትሬት ከ20 ሚሊግራም በሊትር በታች መሆን አለበት። አዲስ ማጣሪያ እዚህ ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅበታል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ አለ። አሞኒያ ምን ያህል እንደሚመርዝ የሚወስነው ፒኤቹ ነው። በ28 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7 ላይ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል 1 በመቶ አይሞላም፤ 8 ላይ ወደ 6 በመቶ ይደርሳል። ለወራት ተረስቶ ፒኤቹ 6 አካባቢ የወረደ ገንዳ አሞኒያ ሊጠራቀምበት ይችላል፤ ዓሦቹ ግን ይበላሉ፣ ይዋኛሉ። ባለቤቱ ይነቃና ግማሹን ውሃ ፒኤቹ 8 በሆነ ውሃ ይቀይራል። በሰዓታት ውስጥ ዓሦቹ ይጠቁራሉ፣ ክንፋቸውን ያጥፋሉ፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። የገደላቸው አዲሱ ውሃ ይመስላል፤ የመረዛቸው ግን ፒኤቹ ሲወጣ መርዛማ የሆነው የተጠራቀመ አሞኒያ ነው። እንዲህ ያለ ገንዳ መጀመሪያ አሞኒያው ይለካ፤ ከዚያ በየቀኑ 10 በመቶ ብቻ እየተቀየረ ቀስ ይበል።

«ውሃ መቀየር ያስጨንቃቸዋል»

የሚያስጨንቃቸው ልዩነቱ ነው። 240 ሊትር በ29 ዲግሪ ካለበት ገንዳ 30 በመቶው ወጥቶ 20 ዲግሪ ውሃ ቢገባበት፣ ገንዳው በደቂቃዎች ውስጥ ወደ 26.3 ይወርዳል። አዲሱ ውሃ ከገንዳው ከ1 ዲግሪ በላይ እንዳይለይ አስቀድሞ በማሞቂያ ይሙቅ፤ በአየር ፓምፕ እየተንፈቀፈቀም 24 ሰዓት ይቆይ። ከቧንቧ ገና የተቀዳ ውሃ የታመቀ ጋዝ ስላለው የሚያሳየው ፒኤች ያሳስታል፤ የሚታመነው ካደረ በኋላ የተለካው ነው። ለአዋቂዎቹ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከ25 እስከ 30 በመቶ መቀየር ይበቃል። በቀን ብዙ ጊዜ ለሚበሉት ልጆች በየቀኑ ቢሆን ይመረጣል።

«ውሃው ካደረ ክሎሪኑ ይጠፋል»

ክሎሪን ከሆነ አዎ። ክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበት) ግን በማደር ብቻ አይጠፋም፤ ማጥፊያ መድኃኒት ይፈልጋል። መድኃኒቱ ክሎራሚኑን ሲሰብር አሞኒያ ስለሚለቀቅ፣ አሞኒያንም የሚይዝ ዓይነት ይመረጥ። በቀጥታ ገንዳው ውስጥ በቱቦ የሚሞላ ሰው መድኃኒቱን የሚለካው በሙሉው የገንዳ መጠን ነው።

«አንድ ትልቅ ማሞቂያ ይበቃል»

ማሞቂያ ሲበላሽ አንዳንዴ እንደበራ ይቀራል። አንድ ባለ 300 ዋት እንደበራ ከቀረ ዓሦቹን ሊቀቅላቸው ይችላል። ሁለት ባለ 150 ከተደረጉ ግን አንዱ ቢበላሽ ጉዳቱ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ለማወቅም ጊዜ ይሰጣል። ሙቀቱን የሚናገረው የማሞቂያው ቁልፍ ሳይሆን ለብቻው የተቀመጠ ቴርሞሜትር ነው፤ ከ28 እስከ 30 ያሳይ። ሞቃት ውሃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ስለሚያንስ አየር ፓምፑ ሌሊትም አይጥፋ።

«ማጣሪያው እስኪነጣ መታጠብ አለበት»

ስፖንጁ በቧንቧ ውሃ ሲታጠብ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላል። ከገንዳው በወጣ ውሃ ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ማድረግ በቂ ነው፤ ቡናማ መልኩ ይቅር። ሁለት ስፖንጅ ካለ አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ከሁለት ሳምንት በኋላ።