ክርስቲያናዊ መጋቢነት፦ ገንዘብ፣ ጤና እና ምድር

ክርስቲያናዊ መጋቢነት ሰው በእጁ ያለውን ሁሉ እንደ አደራ ይዞ የሚኖርበት መንገድ ነው። ባለቤቱ እግዚአብሔር ነው፤ ሰው ጠባቂ ነው። ቃሉ ሲነሳ ብዙዎቻችን ወደ አሥራትና መባ ብቻ እንሮጣለን። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። ደመወዛችንም፣ ገላችንም፣ የምንረግጠው አፈርም ከአንድ አደራ ይቆጠራሉ።

ዛሬ በወንጌላውያን ዘንድ መጋቢ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበን የቤተ ክርስቲያን አገልጋዩ ነው። በሉቃስ 16 ያለው መጋቢ ግን የአንድ ሀብታም ንብረት አስተዳዳሪ ነው፤ ጌታው ጠርቶ ሒሳብ የሚጠይቀው። በግሪክኛው ኦይኮኖሞስ ይባላል። «ኢኮኖሚ» የምንለውም ከዚሁ ሥር የወጣ ቃል ነው።

መሠረቱ ኦሪት ላይ ነው። በዘፍጥረት 2፥15 አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነው። ዘሌዋውያን 25 በ7ኛው ዓመት መሬቷ ራሷ እንድታርፍ ያዛል። ዘዳግም 20 ደግሞ ከተማ ተከቦ እያለ እንኳ የፍሬ ዛፍ እንዳይቆረጥ ይከለክላል። በጦርነት መሐል ለዛፍ የሚቆም ሕግ መኖሩ ሁሌም ይደንቀኛል። በማቴዎስ 25 አንዱ ባሪያ የቀበረው 1 መክሊትም ቀላል ገንዘብ አልነበረም። 6,000 ዲናር ያህል ነው፤ የአንድ የቀን ሠራተኛ የ20 ዓመት ገደማ ደመወዝ።

ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው የሚለው የ1ኛ ቆሮንቶስ 6 ቃል በቦታው የተነገረው ስለ ዝሙት ነው። ስለ ምግብ፣ ስለ ዕረፍትና ስለ ሱስ ሲጠቀስ የምንሰማው ትርጉሙ ሰፍቶ ነው። መስፋቱ ግን ከመልእክቱ አያወጣውም።

በ4ኛው መቶ ዘመን የቂሣርያው ባስልዮስ ለድሆችና ለሕሙማን ትልቅ መጠለያ ሠራ። በመካከለኛው ዘመን አሥራት በአውሮፓ በሕግ የሚሰበሰብ ግብር ሆነ።

ከሁሉ በላይ በጽሑፍ የተተወልን የጆን ዌስሊ ሕይወት ነው። ይህ የ18ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊ ሰባኪ ስለ ገንዘብ አጠቃቀም የሰበከው ስብከት በ3 ትእዛዞች ይጠቃለላል፦ የምትችለውን ሁሉ አግኝ፣ የምትችለውን ሁሉ ቆጥብ፣ የምትችለውን ሁሉ ስጥ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ግን አጥር አለው። ጤናህን ሸጠህ አታግኝ ይላል። አርሰኒክ የሚነካበትን፣ የቀለጠ እርሳስ ጭስ የሚሳብበትን ሥራ ለምሳሌ ያነሳል። ጎረቤትን የሚጎዳ ንግድም አይፈቀድም። ገንዘብና ጤና እዚህ ጋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተገናኙ። «ቆጥብ» ሲልም አባክነህ አትጣል ማለቱ እንጂ ሀብት አከማች ማለቱ አልነበረም።

ዌስሊ የአንድ ወጣት ሒሳብም ይተርካል፤ ራሱን ማለቱ እንደሆነ ይታመናል። ወጣቱ በዓመት 30 ፓውንድ ያገኝ ነበር። በ28ቱ ኖሮ 2 ሰጠ። በቀጣዩ ዓመት 60 አገኘ፤ አሁንም በ28 ኖሮ 32 ሰጠ። በ3ኛው ዓመት ከ90 ላይ 62፣ በ4ኛው ከ120 ላይ 92 ሰጠ። ገቢው 4 እጥፍ ሲሆን ኑሮው ባለበት ቆመ! በ1747 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሐኪም መክፈል ለማይችሉ ሰዎች የሕክምና መጽሐፍ አሳተመ። ከመድኃኒቶቹ ዛሬ ማንም የማይመክራቸው አሉ። በእግር መሄድን፣ ውሃ መጠጣትንና በጊዜ መተኛትን ማበረታታቱ ግን እስከ ዛሬ ያስኬዳል።

በ1866 እ.ኤ.አ. አድቬንቲስቶች በአሜሪካ የጤና ተቋም ከፍተው ጤና የእምነት ጉዳይ መሆኑን በግልጽ አስተማሩ።

ምድርን መጠበቅ ዘግይቶ ነው መነጋገሪያ የሆነው። በ1967 እ.ኤ.አ. የታሪክ ምሁሩ ሊን ዋይት ለአካባቢ ቀውስ የምዕራቡን ክርስትና ተጠያቂ አደረገ። ትችቱ የተጋነነ ይመስለኛል፤ ቢሆንም ብዙዎችን ቀስቅሷል። በ1989 እ.ኤ.አ. የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ዲሜጥሮስ በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 1ን ስለ ፍጥረት የጸሎት ቀን አደረጉ። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ስለዚሁ ረጅም መልእክት ጽፈዋል።

አሥራት በአዲስ ኪዳን ግዴታ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር አላበቃም፤ ሁለቱም ወገኖች ጥቅስ አላቸው። «ስጥና ትበለጽጋለህ» የሚለው ስብከት ግን መጋቢነት አይደለም። መስጠትን ንግድ ያደርገዋል።

በቤት ውስጥ ነገሩ ቀላል መልክ አለው። ደመወዝ የገባ ምሽት ባልና ሚስት ደብተር ይዘው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው መስመር የሚሰጥ ነው። ከዚያ ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ አስቤዛ ይከተላል። ከታች ለሕክምና የሚቀመጥ ትንሽ ብር አለ። ዳር ላይ፣ በእርሳስ፦ «የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ይሠራ»።